ይህ ልክ የማን ልክ ነው?

ስለ ፋሽንና በራስ መተማመን ሲወራ ምክሩ ሁሌም አንድ ነው። ራስሽን ውደጂ። ቀና ብለሽ ሂጂ። መስታወት ፊት ቆመሽ «ቆንጆ ነኝ» በይ። ምክሩ ከቅን ልብ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እኔን ግን አንድም ቀን ረድቶኝ አያውቅም። የረዳኝ ሌላ ነገር ነው፤ ልብስ እንዴት እንደሚቆረጥ መማር።

ድሮ ልብስ መሞከሪያ ክፍል ስገባ ልቤ ቀድሞ ይፈራ ነበር። ሱሪው ዳሌ ላይ እምቢ ሲል፣ የሸሚዙ ቁልፍ ደረት ላይ ሲወጣጠር፣ እጅጌው ክንዴን ሲያንቀኝ ጥፋቱን የምሰጠው ለሰውነቴ ነበር። ልብሱ እኮ ባለሙያ ያሰበበት፣ ትልቅ ስም የተለጠፈበት ነገር ነው። ታዲያ ልክ ያልሆነው ማን ነው? እኔ። ብዙ ሰው እንዲህ እንደሚያስብ አውቃለሁ። ጓደኞቼ ልብሱን መልሰው ለሻጭዋ ሲሰጡ «አልሆነኝም» የሚሉበት ድምፅ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነው።

ከዚያ የልብስ ቅድ ትምህርት ጀመርኩ። አስተማሪያችን በዕድሜ የገፉ፣ ሜትር ከአንገታቸው የማይለይ ሴት ነበሩ። መጀመሪያ ያስተማሩን መስፋት አይደለም፤ ማየት ነው። ከአቡጀዲ የተሰፋ የሙከራ ልብስ አንዷን ተማሪ ያለብሱና «ሰውነቷን ተዉትና ጨርቁን እዩ» ይሉናል።

ጨርቅ ሲጨማደድ ዝም ብሎ አይደለም። መስመሮቹ የሚያመለክቱት ነገር አለ። ደረት ላይ ከጠበበ ከቁልፎቹ ተነስቶ ወደ ሁለቱም ጎን የሚወጣጠር አግድም መስመር ይታያል። የለባሿ ትከሻ ከቅዱ ይልቅ የወረደ ከሆነ ከአንገት ሥር ወደ ብብት የሚወርድ ሰያፍ እጥፋት ይመጣል። ይህን አንዴ ያየ ዓይን ተመልሶ አይጨፈንም። መንገድ ላይ፣ ስብሰባ ላይ፣ ቴሌቪዥን ላይ የሰው ኮት ሳነብ ነው የምውለው።

የእኔ ተራ ሲደርስ ሸሚዙ ከጀርባ፣ ከአንገቴ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ጥቅልል ያለ ትርፍ ጨርቅ ነበረው። አስተማሪዋ የትከሻውን ስፌት በክንዱ በኩል ፈቱት። ጨርቁን ጥቂት ለቀቅ አደረጉና በስፒል ያዙት። ጥቅልሉ እዚያው ጠፋ። ጀርባዬ ላይ ጨርቁ ለጥ ብሎ ሲተኛ ተሰማኝ። «ትከሻሽ ቀጥ ያለ ነው፤ የቅዱ ወረቀት፣ ፓተርኑ፣ የተሠራው ለወረደ ትከሻ ነው» አሉኝና ወደሚቀጥለዋ ተማሪ አለፉ። አላባበሉኝም። «አይዞሽ» አላሉኝም።

ትከሻዬ የወንድ ይመስላል እየተባልኩ ነው ያደግኩት። በዚያ ቀን ግን እርሳስ አንስቼ ፓተርኑ ላይ የትከሻውን መስመር ከፍ አድርጌ አሰመርኩት። የታረመው ወረቀቱ ነው። እኔ እንዳለሁ ነኝ። ስለ በራስ መተማመን የማውቀው ነገር ሁሉ ከዚያ ይጀምራል፤ ችግሩ የት እንዳለ በጣት ማሳየት ከመቻል።

ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። ወረቀቱ ለእኔ ካልተሠራ ለማን ነው የተሠራው?

መልሱን ስፈልግ ያገኘሁት ታሪክ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 (ከዚህ በኋላም ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር 15,000 ገደማ ሴቶችን አስለካ። ግብርና ከልብስ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። የቤት አያያዝ ጉዳይን የሚያጠና መሥሪያ ቤት በሥሩ ነበረው። በዚያን ጊዜ የፋብሪካ ልብስ በጣም ተስፋፍቷል፤ በፖስታ የሚታዘዘው ልብስ ግን ልክ አልሆነም እየተባለ ይመለሳል። ለሻጮቹ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ሩት ኦብራይን እና ዊልያም ሼልተን የሚባሉ ተመራማሪዎች ሥራውን መሩት። ከእያንዳንዷ ሴት 59 ልኬት ተወሰደ። ውጤቱ በ1941 ታተመ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ነጭ ያልሆኑ ሴቶችም ሊለኩ መጥተዋል። ተለክተዋልም። ስሌቱ ሲሠራ ግን የእነሱ ልኬት ወጥቶ ተጣለ። ሴትየዋ መጥታ፣ ኮቷን አውልቃ፣ ክንዷን ዘርግታ፣ ወገቧ ዳሌዋ ተለክቶ፣ ቁጥሯ ወረቀት ላይ ሰፍሮ፣ ከዚያ የለችም። ቤቷ ስትመለስ የተቆጠረች መስሏት ይሆናል።

ያ መረጃ በ1958 ለወጣው የአሜሪካ የሴቶች ልብስ ቁጥር መስፈርት ዋና መነሻ ሆነ። መስፈርቱ በ1983 ተነሳ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ቁጥር ያወጣል፤ አንድ ሱቅ ውስጥ 38 የሆነች ሴት ጎረቤቱ ሱቅ ውስጥ 42 የምትሆነው ለዚህ ነው። አሠራሩ ግን ብዙም አልተለወጠም። አንድ መነሻ አካል ይመረጣል። ለእሱ ፓተርን ይሠራል። ከዚያ ትልልቆቹና ትንንሾቹ ቁጥሮች ከዚያው ፓተርን ላይ በየቁጥሩ የተወሰነ ሴንቲሜትር እየተጨመረ እየተቀነሰ ይወጣሉ። ችግሩ ሰው እንደዚያ አይወፍርም። ወገብ 10 ሴንቲሜትር ሲጨምር ትከሻ አብሮ 10 አይጨምርም። ደረት ወደ ፊት ያድጋል እንጂ አንገት አይረዝምም። ስለዚህ ከመነሻው አካል የራቀ ሰው ሁሉ በስሌት የተገመተ ልብስ ይለብሳል። መነሻው አካል ላይ ግን ሰው ቆሞ፣ ተንቀሳቅሶ፣ ተቀምጦ ተሞክሯል።

ስለ ውክልና የምናወራው ብዙውን ጊዜ ስለ ፊት ነው። የመጽሔት ሽፋን ላይ ማን ወጣ? መድረክ ላይ ማን ሄደ? እኔም እነዚህ ነገሮች ግድ ይሰጡኛል፤ ትንሽ ልጅ ሆና ራሷን የምትመስል ሴት ሽፋን ላይ ያየች ሰው ስሜቱን ታውቀዋለች። ግን ፊቱ የመጨረሻው ደረጃ ነው። ከእሱ በፊት ወረቀቱ አለ፣ መቀሱ አለ፣ ስፒል የያዘው ሰው አለ።

ትልልቆቹ የፋሽን ቤቶች ለሾው የሚሠሩት ናሙና አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በጣም ትንሽ ቁጥር። ያ አንድ ናሙና ሾው ላይ ይታያል። ከዚያ ለመጽሔት ፎቶ ይዋሳል። ከዚያ ታዋቂ ሰዎች ለበዓልና ለሽልማት ምሽት ይዋሱታል። እንግዲህ የመጽሔት አዘጋጅዋ ሰፋ ያለች ሞዴል ማንሳት ብትፈልግ ምን ታለብሳት? ልብሱ የለም። ማንም «አትምጪ» አላላትም፤ ግን አስቀድሞ፣ ጨርቅ ሲቆረጥ፣ በሩ ተዘግቷል። መስከረም 2020 ላይ የጣሊያኑ ፋሽን ቤት ቬርሳቼ ሰፋ ያሉትን ሞዴሎች ፕሬሽየስ ሊን፣ አልቫ ክሌርንና ጂል ኮርትሌቨን ሚላን ላይ ሲያወጣ ፎቶው ዓለምን ዞረ። እኔን ያስደሰተኝ ግን ከፎቶው በፊት የነበረው ሥራ ነው። እነዚያ ቀሚሶች እንዲያ እንዲቀመጡ አንድ ሰው ለእነሱ አካል ብሎ ፓተርን ቆርጧል።

አሁን ስለ ጥቁር አሜሪካዊቷ ዲዛይነር ስለ አን ሎው ልናገር። የዚህች ሴት ታሪክ ብዙ ሰው ዘንድ መድረስ አለበት ብዬ አምናለሁ።

አን ሎው በ1898 ገደማ አላባማ ውስጥ ክሌይተን በምትባል ከተማ ተወለደች። አያቷ በባርነት ኖራ ነፃ የወጣች ልብስ ሰፊ ነበረች። እናቷም ልብስ ሰፊ። ልጅቷ ከወደቀ ብጣሽ ጨርቅ አበባ እየሠራች ነው መርፌ የለመደችው። እናቷ በ1914 ስትሞት ለአላባማ ገዥ ባለቤት የጀመረቻቸው የድግስ ቀሚሶች ሳያልቁ ቀርተው ነበር። ጨርሳ ያስረከበችው አን ናት፤ ዕድሜዋ 16 ገደማ።

በ1917 ኒውዮርክ ውስጥ የልብስ ዲዛይን ትምህርት ቤት ገባች። ነጮቹ ተማሪዎች አብረናት አንቀመጥም አሉ። ለብቻዋ ክፍል ተሰጣት። እዚያ ብቻዋን ተምራ፣ ሥራዋ ግን ለሌሎቹ ተማሪዎች እንደ ምሳሌ ይታይ ነበር። ይህን ሳስብ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። የልብስ ትምህርት ግማሹ ከጎን ካለው ሰው የሚቀዳ ነው። ጎረቤትሽ ስፒሉን እንዴት እንደያዘች ታያለሽ። ስትሳሳት አይተሽ ትማሪያለሽ። አንቺም ተሳስተሽ ሌላዋ ታርምሻለች። አን ያን ሁሉ ተነፍጋ ነው የተመረቀችው።

በ1953 ዣክሊን ቡቪዬ ጆን ኬኔዲን ስታገባ የሙሽራዋን ቀሚስና የሚዜዎቹን ልብስ የሠራችው አን ሎው ናት። ሠርጉ 10 ቀን ገደማ ሲቀረው የሥራ ቦታዋ ቧንቧ ፈነዳ። የሙሽራዋን ጨምሮ አብዛኞቹ ቀሚሶች ውሃ በላቸው። የሁለት ወር ሥራ ነበር። ሐር ዳግመኛ ገዝታ፣ ሠራተኞች ቀጥራ፣ ሌት ተቀን አሠርታ አደረሰች። ለሙሽራዋ ቤተሰብ ምንም አልነገረችም። አተርፋለሁ ባለችበት ሥራ 2,200 ዶላር ገደማ ከሰረች። ቀሚሶቹን ይዛ ስትደርስ በአገልጋዮች በር እንድትገባ ነገሯት። በዋናው በር ካልገባሁ ቀሚሶቹን ይዤ እመለሳለሁ አለች። በዋናው በር ገባች።

ይህን ክፍል ደጋግሜ አስባለሁ። ያንን ቃል እንድትናገር ያደረጋት ምንድን ነው? ገንዘብ አልነበራትም፤ እንዲያውም ኪሳራ ላይ ሆና ነው የመጣችው። ከኋላዋ የቆመ ሰውም የለም። የነበራት ነገር እጇ ነው። በክንዷ ላይ ያለውን ቀሚስ በዚያ ቀን ሌላ ማንም ሊሠራው እንደማይችል ታውቃለች። እኔ በራስ መተማመን የምለው ይህንን ነው።

ነገር ግን ችሎታ ብቻውን ስም አላሰጣትም። የሠርጉ ፎቶ በዓለም ተሰራጨ፤ ጋዜጦች ስለ ቀሚሱ ጨርቅና ስለ ቅዱ በዝርዝር ጻፉ። የሠሪዋን ስም የጠራ ግን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ «ጎበዝ ከሆንሽ ይታይልሻል» የሚለውን ንግግር አልቀበለውም። ጎበዝ ሆኖ አለመታየት በደንብ ይቻላል።

ሌላው የማነሳው ጥቁር አሜሪካዊው ዲዛይነር ፓትሪክ ኬሊ ነው። ያደገው ሚሲሲፒ ውስጥ ቪክስበርግ ነው። አያቱ ነጮች ቤት ምግብ ታበስል ነበር፤ ከዚያ ስትመለስ የፋሽን መጽሔቶች ታመጣለታለች። ልጁ ገጾቹን ሲያገላብጥ ጥቁር ሴት አላየም። ለምን ብሎ ሲጠይቃት ዲዛይነሮቹ ለእነሱ ጊዜ እንደሌላቸው ነገረችው። ይህቺው አያቱ የሸሚዙ ቁልፍ ሲወድቅ ተመሳሳይ ስታጣ ያገኘችውን ሌላ ቀለም ቁልፍ ትሰፋለት ነበር። ኬሊ ፓሪስ ገብቶ ታዋቂ ሲሆን መለያው ምን ሆነ? በደማቅ ቀለም የተለያዩ፣ ልብሱን ሞልተው የሚሰፉ ቁልፎች። በ1988 የፈረንሳይ የተዘጋጁ ልብሶች ዲዛይነሮች ማኅበር የተቀበለው የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሆነ። በ1990 ገና በወጣትነቱ አረፈ። ቤት ውስጥ በእጦት የተገኘ ብልሃት ፓሪስ ላይ ጥበብ ሲባል ሳይ ልቤ ይሞላል። ከአያት የተማሩት ትምህርት አይደለም ያለው ማን ነው?

ትምህርት ቤት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ያለ እሱ ዝነኛ ዲዛይነር የሆኑ ግን አሉ። እንግሊዛዊቷ ቪቪየን ዌስትዉድ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች፤ ያገለገሉ ልብሶችን እየፈታች ነው አሠራራቸውን የተማረችው። ጃፓናዊቷ ሬይ ካዋኩቦ ሥነ ጥበብና ሥነ ጽሑፍ ነው ያጠናችው። አሌክሳንደር ማክዊን በ16 ዓመቱ ሎንዶን ሳቪል ሮው ላይ ከልብስ ሰፊዎች ጋር ተቀምጦ ኮት መስፋት ጀመረ፤ ትልቁን ትምህርት ቤት የገባው እጁ ካወቀ በኋላ ነው። መንገዱ ብዙ ነው። ግን ትምህርት ቤት ከመርፌና ክር ሌላ የሚሰጠው ነገር አለ፤ ሰው ማወቅ። እዚያ ያልገባ ሰው ስልክ የሚደውልለት የለም። ከዚያም ብዙ የፋሽን ቤቶች ጀማሪን ያለ ደሞዝ ማሠራት ለምደዋል። ያለ ደሞዝ ወራት መሥራት የሚችለው ደግሞ የቤት ኪራይ የሚከፍልለት ያለው ነው። ችሎታ ሳይለካ ኪስ ይለካል ማለት ነው።

አሜሪካዊው ዲዛይነር ቨርጂል አብሎ ይህን የተረዳ ሰው ይመስለኛል። እሱ ራሱ የተማረው ሲቪል ምህንድስና ነው፣ ከዚያም አርክቴክቸር። መስፋት ያሳየችው እናቱ ናት። በ2018 የሉዊ ቪቶን የወንዶች ልብስ መሪ ሲሆን ብዙ ወጣት አለቀሰ። ከዚያ በ2020 ጥቁር የፋሽን ተማሪዎችን የሚያስተምር 1 ሚሊዮን ዶላር የነፃ ትምህርት ገንዘብ አሰባሰበ። መድረክ ላይ ያለቀሰውን ፎቶ ሁሉም ያስታውሳል። እኔ የማስታውሰው የክፍያ ደረሰኙን ነው።

የመጀመሪያዎቹን ጥቁር ሞዴሎች ዝርዝር ሁሉም ያውቀዋል። ዶንያሌ ሉና በ1966 የብሪቲሽ ቮግ የፋሽን መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣች፤ ፊቷ በከፊል በእጇ ተሸፍኖ። ቤቨርሊ ጆንሰን በ1974 የአሜሪካው ቮግ ሽፋን ላይ። ናኦሚ ካምቤል በ1988 የፈረንሳዩ ላይ፤ ለዚያውም ዲዛይነሩ ኢቭ ሴን ሎራን ማስታወቂያዬን አነሳለሁ ብሎ ከተጫነ በኋላ ነው። ሊያ ከበደ በ2003 የመዋቢያ ድርጅቱን ኤስቴ ላውደርን ወክላ ስትቀርብ በድርጅቱ የ57 ዓመት ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበረች። ሁሉም ኮርቻለሁ የሚያሰኙ ናቸው።

አንድ ስሌት ግን አብራችሁኝ ሥሩ። የአሜሪካው ቮግ ሽፋን ላይ ጥቁር ሴት በ1974 ወጣች። ያንኑ ሽፋን ጥቁር ፎቶ አንሺ ያነሳው መቼ ነው? በ2018። ታይለር ሚቸል፣ የ23 ዓመት ልጅ፣ ቢዮንሴን ሲያነሳ። በመሃል 44 ዓመት አለ። ከካሜራው ፊት መቆም ከተፈቀደ በኋላ ካሜራውን ለመያዝ 44 ዓመት ፈጀ። ውክልና ፊት ላይ ሲቀር ምን እንደሚመስል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቁጥር አላውቅም።

ለዚህ ነው በፈረንሳይ ቬርሳይ ቤተ መንግሥት የተደረገውን የፋሽን ትርዒት የምወደው። ኖቬምበር 28 ቀን 1973፣ ለቤተ መንግሥቱ ማደሻ ገንዘብ ለማሰባሰብ አምስት የፈረንሳይና አምስት የአሜሪካ ዲዛይነሮች አንድ መድረክ ላይ ቀረቡ። ፈረንሳዮቹ ሴን ሎራንን፣ ጂቫንሺን፣ ካርደንን የመሳሰሉ ነበሩ። ትልቅ የመድረክ ግንባታ፣ ኦርኬስትራ፣ ረጅም ትርዒት። አሜሪካኖቹ ያስመጡት የመድረክ ስዕል እንኳ በሜትርና በአሜሪካኖቹ መለኪያ መምታታት ምክንያት ልክ ሳይሆን ቀረ። በቀላል የኤፍል ግንብ ንድፍ ተተካ። የቀራቸው ነገር ልብሱና ሰዎቹ ናቸው። ከ36ቱ ሞዴሎች አሥር ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ፤ ፓት ክሊቭላንድ፣ ቢሊ ብሌየር፣ አልቫ ቺን፣ ቤተን ሃርዲሰን። በሙዚቃው እየተወዛወዙ፣ ጨርቁን እያዞሩ፣ ተመልካቹን ዓይን ለዓይን እያዩ ሄዱ። ታዳሚው የፕሮግራም ወረቀቱን ወደ ላይ እስኪወረውር ድረስ ጮኸ። ከዲዛይነሮቹ አንዱ ስቲቨን በሮውስ ጥቁር ነው፤ እሱ የሠራው ልብስ ደግሞ ለሚንቀሳቀስ አካል የተቆረጠ፣ ሲራመዱበት የሚነሳ ነበር። ልብሱን የቆረጠውም፣ የለበሰውም፣ የሄደበትም በአንድ መንፈስ ሲሆን ምን እንደሚፈጠር ያኔ ታየ።

እና ያ ድል በራሱ አልቆየም። ዓመታት አልፈው መድረኮቹ እንደገና አንድ ዓይነት ሰው ብቻ የሚሄድባቸው ሆኑ። ቤተን ሃርዲሰን በ2013 ከናኦሚ ካምቤልና ከኢማን ጋር ሆና ለኒውዮርክ፣ ለሎንዶን፣ ለፓሪስና ለሚላን የፋሽን ምክር ቤቶች ደብዳቤ ጻፈች። ጥቁር ሞዴል የማያሠሩትን ቤቶች በስማቸው ጠቀሰች። አርባ ዓመት ሙሉ ያልደከመች ሴት! ሾው ላይ ጭብጨባ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ከጭብጨባው በኋላ ተቀምጦ ደብዳቤ መጻፍ ግን ከዚያ ይከብዳል።

ስለ ሜካፕ አጠር አድርጌ ልለፍ፤ ነገሩ ያው ነው። ጥቁር ሞዴሎች ለሾው ሲሄዱ የራሳቸውን ፋውንዴሽን (ከሜካፕ በፊት ፊት ላይ የሚቀባ፣ የቆዳ ቀለም ያለው ቅባት) በቦርሳ ይዘው መሄድ እንደለመዱ ራሳቸው ሲናገሩ ሰምተናል። የሜካፕ ባለሙያው ዘንድ የእነሱ ቀለም ስለሌለ። ዝነኛዋ የሜካፕ ባለሙያ ፓት ማክግራዝ ትምህርት ቤት ሳትገባ ከእናቷ የተማረች ናት፤ እናትዋ ለቆዳዋ የሚሆን ስታጣ ራሷ ቀለም ትቀላቅል ነበር። የዘፋኟ ሪሃና የሜካፕ ድርጅት ፌንቲ በ2017 በአንድ ጊዜ 40 የፋውንዴሽን ቀለም ሲያወጣ ሌሎቹ ድርጅቶች እየተሯሯጡ ቀለማቸውን አበዙ። ይቻል ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ እኔ ጠረጴዛ ልመለስ። ዊልቸር የሚጠቀም ጓደኛ አለኝ። ሱሪ ልሰፋለት ተስማማን። ገና ሜትር ሳላወጣ «ከኋላ ኪስ እንዳታደርጊ» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ሲቀመጥበት የኪሱ ስፌት ቆዳውን ይጫነዋል፤ ቁስል ከሆነ ደግሞ ለመዳን ወራት ይፈጃል። ለእኔ ኪስ ጌጥ ነው። ለእሱ የጤና ጉዳይ ነው።

ከዚያ ልክ መውሰድ ጀመርን። መጽሐፎቼ ሁሉ ሰው ቆሞ ነው የሚለኩት። ተቀምጦ ሲለካ ሱሪው ሌላ ነገር ይሆናል። ከኋላ ከወገብ እስከ መቀመጫ ያለው ርዝመት ይጨምራል፤ ስለዚህ የሱቅ ሱሪ ከኋላ ወደ ታች እየሸሸ ጀርባውን ያጋልጠዋል። ከፊት ግን ያጥራል፤ ትርፉ ጨርቅ ሆዱ ላይ ይከመራል። ጉልበት ስለታጠፈ እግሩ ወደ ላይ ይሳባል፤ ካልሲው ይታያል። ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ፣ እግሩን ረዘም አድርጌ በአቡጀዲ ሞከርነው። መጨማደዱን እያነበብን፣ ስፒል እየተቀባበልን። አዎ፣ እሱም ስፒል ይዞ ነበር። ከእኔ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። የት እንደሚቆረቁር መጽሐፍ አይነግረኝም።

ሁለት እግሮቿ የተቆረጡት አትሌት ኤሚ ሙለንስ በ1998 የማክዊንን ሾው ላይ ከእንጨት በተፈለፈሉ እግሮች ስትሄድ ብዙ ተመልካች ቡትስ መስሎት ነበር። ውብ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይነሳል። ግን ከዚያ ሾው በኋላ አካል ጉዳተኛ የሆነ ሰው ሱቅ ገብቶ የሚሆነውን ሱሪ እንዲያገኝ ትልልቆቹ ድርጅቶች እስኪያስቡ ብዙ ዓመት ጠበቅን። ቶሚ ሂልፊገር ለልጆች በ2016፣ ለአዋቂዎች በ2017 ጀመረ። ማግኔት ያለው ቁልፍ፣ በጎን የሚከፈት ስፌት፣ በአንድ እጅ የሚዘጋ ዚፕ። ይህ ነው እኔ የምፈልገው ዓይነት ውክልና። ማስታወቂያው ላይ ፊቱን አሳይቶ ሱቁ ውስጥ ልኩን የነፈገ ድርጅት ግን ምንም ቢያምር አላጨበጭብለትም።

ትምህርት ቤቶችንም እጠይቃለሁ። ተማሪ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቅርጽ ባለው ማኔኪን ላይ ብቻ ከተለማመደ ያንን አካል ብቻ ማልበስ ያውቃል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ሌላ አካል አልተሰጠውም። ወፍራም፣ አጭር፣ እርጉዝ፣ ጎበጥ ያለ፣ ተቀምጦ የሚውል አካል ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ክፍል ውስጥ ይግባ። እንደ ልዩ ርዕስ ሳይሆን እንደ ተራ ሥራ። ተማሪዋም የራሷን አካል ለክታ ፓተርን ብትጀምር ደስ ይለኛል፤ የእኔ ዓይን የተከፈተው እንዲያ ነው።

የጓደኛዬ ሱሪ አሁን አልቋል፤ ከኋላ አይሸሽም፣ ከፊት አይከመርም። ፓተርኑን አስቀምጬዋለሁ። ለሌላ ሰው በቀጥታ ግን አይሆንም፤ የእያንዳንዱ ተቀማጭ ሰው የጀርባ ርዝመት በጣም ይለያያል፤ ስለዚህ ተጨማሪ ሰዎች እየለካሁ ነው። ቀጥሎ ጃኬት ጠይቆኛል። ፊቱ አጠር ማለት አለበት፣ ጭኑ ላይ እንዳይታጠፍ። ጎማውን ሲገፋ ክንዱ ወደ ፊት ስለሚዘረጋ ጀርባው ስፋት ይፈልጋል፤ የእጅጌው ጫፍ ደግሞ ጎማው እንዳይበላው ጠበብ ያለ ይሁን ብሏል። ቅዳሜ ልክ ልወስድ ቀጥሬዋለሁ።